ያልታጠነው ጀሪካን

ትዕዛዙ የሞተ ሰሞን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር።

«ያ ሻዩ ነው አይደል የገደለው?»

ሻይ የሚሉት ትዕዛዙ ይጠምቀው የነበረውን ቢራ ነው። ሐኪሞቹ ልቡ ነው ብለው ጽፈው ሰጥተውኛል። ወረቀቱን ከመቀነቴ ፈትቼ አሳያለሁ፤ ሰውየው አገላብጦ ያይና «አዎ፣ ልቡን ነዋ ያቃጠለው» ብሎ ንፍሮውን መዝገን ይቀጥላል። ፍኖተ ሰላም ላይ ከወሬ ጋር ተሟግቶ የረታ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ትዕዛዙ ባሌ ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ቤት የሚያካክሉ ጋኖች ሲያጥብ ኖሮ፣ መንግሥት ሲለወጥ ተቀነሰና በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ወደ አገሩ ተመለሰ። ሌላው ተቀናሽ ቆርቆሮ ገዝቶ፣ አልጋ ጭኖ ነው የመጣው። እሱ የመጣው ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ ሁለት ክንድ የጎማ ቱቦና ባለሙያዎቹ ሲሠሩ እየሰረቀ የጻፈበትን ደብተር ይዞ ነው። እኔ ያኔ ጠላ እሸጥ ነበር፤ አሁንም እሸጣለሁ። ሽማግሌ ሲልክብኝ ለሙያዬ ብሎ መስሎኝ ነበር። ለጥንስሴ ኖሯል። በተጋባን በሳምንቱ ከጋኔ ሥር አንድ ጣሳ እርሾ ቀድቶ ሲሄድ ያዝሁት፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼ አላውቅም፣ በሠርጉም ቀን ጭምር።

የኛ አገር ጠላ የዳጉሳ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከጠጡት በኋላ እራት የማያስፈልገው። እሱ የሚጠምቀው ግን ከነጭ ስንዴና ከትንሽ የገብስ ብቅል ነው፤ አይቆላውም፣ አያጠቁረውም። ሲወጣ የገለባ ውኃ ይመስላል። ሰው ሌላ ነገር ይመስላል ይላል፤ ከበቅሎ የሚወጣ። በዚያ ላይ ቅመም ይከትበታል። አንድ ጊዜ ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ ጊዜ ኮሰረት፣ አንድ ጊዜ ጠጅ ሳር ከዝንጅብል ጋር። ጤና አዳም ያበዛበት ዓመት ድመታችን ቤቱን ጥላ ሄደች። በመጨረሻ የሻይ ቅጠል ጨመረበት፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ በከተማው ሁሉ «የትዕዛዙ ሻይ» ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ ከሁሉ የሰው አፍ ያስከፈተው ግን በርሜሉን አለማጠኑ ነው። እኛ ዘንድ መጠጥ የሚገባበት ዕቃ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ያልታጠነ ጋን ያልተጠመቀ ልጅ ማለት ነው። ትዕዛዙ በፈላ ውኃና በሶዳ አጥቦ ይተወዋል። «ጢስ የገባ እንደሆነ ኮሰረቱም ይሞታል፣ ብርቱካኑም ይሞታል፤ የሚቀረው ወይራ ነው» ይላል። እኔ ወይራ ይዤ ወደ በርሜሉ ከተጠጋሁ፣ ሌባ እንዳየ ውሻ ነበር የሚነሳብኝ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያን ቢራ የቀመሰው አራት ነፍስ ነው። እኔ፣ የቡሬው ጓደኛው ሀይሉ፣ ጥማት አቅሉን ያሳተው አንድ የመንገድ ሠራተኛና የጎረቤት ፍየል። ከአራቱ የቀረበላትን የጨረሰችው ፍየሏ ብቻ ናት።

መስከረም ላይ፣ አልጋ ይዞ ሳለ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጠራኝ።

«ፋኔ፣ ተዝካሬን በምን ልታወጪው ነው?»

«ኧረ አፍህን በክፉ አትክፈት።»

«አፌን ተይውና መልሺልኝ።»

«በጠላ ነዋ። ሰው ተዝካር በምን ያወጣል?»

«በስንዴው አውጪልኝ።»

«ትዕዛዙ፣ ቆመህ ያዋረድኸኝ አንሶ ሞተህም ልታዋርደኝ ነው?»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት። ትራሱን አስተካከልሁለት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰደቡኝ» አለ። «ስድቡስ ምንም አይደል። ሳይቀምሱ ነው የሰደቡኝ። ተዝካር ላይ የቀረበለትን አልጠጣም የሚል ሰው የለም፤ ነውር ነው። አንድ አንድ ጊዜ ጉንጫቸውን ያርጥቡልኝ። ከዚያ ይስደቡኝ።»

«ካልወደዱትስ?»

«አይወዱትማ።»

«እሺ።»

«ሳታጥኚው።»

«እሺ አልሁህ እኮ!»

«ማይልኝ።»

«ሚካኤልን።»

መስከረም ሃያ ስምንት ቀን ሞተ። ዐርባው ኅዳር ሰባት ይውላል ማለት ነው፤ የነቢያት ጾም ሳይገባ። ደብተሩን ገልጬ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠርሁ። ብቅሉ፣ ማፍላቱ፣ በርሜል ውስጥ የሚተኛበት ሁለት ሳምንት። ጊዜ አልነበረኝም። ሰው «ፋናዬ ኀዘኑ አልወጣላትም» ሲለኝ እኔ ቤት ውስጥ ስንዴ እዘፈዝፍ ነበር።

የንስሐ አባታችን መምሬ ክንፈሚካኤል ስለ ፍትሐቱ ሊነጋገሩ መጡ። ነገሩን ስነግራቸው መቋሚያቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

«በስንዴ?»

«በስንዴ፣ አባቴ።»

«ሻይ ያለበት?»

«ትንሽ ነው የሚገባበት።»

«ልጄ፣ ሟቹን እወደው ነበር። ግን እኮ ሰው የሚመጣው ነፍስ ይማር ሊል ነው።»

«ቁርባኑስ ከስንዴ አይደለም እንዴ?»

«እሱ የሚበላ ነው!»

«ይሄ የሚጠጣ ነው ብለው ይባርኩልኛ።»

እኚህ ሰው ለማንም ክፉ አይመልሱም፤ የሚመልሱት መልስ ሁሉ ግን በር አለው።

«ጠላ ይሁን የሚል ሥርዓት አልተጻፈም» አሉ። «ልማድ ነው። ከልማድ ጋር የተጣላ ደግሞ ትዕዛዙ እንጂ እኔ አይደለሁም። ባርክልሻለሁ። ለኔ ብቻ አንዲት ማሰሮ ጠላ ከጓዳ አስቀምጪልኝ።»

እንግዳው የሚባለው የቀበሌው ሰውም መጣ። የአንድ ለአምስታችን ጠርናፊ ስለሆነ፣ ድግስ የልማት እንቅፋት መሆኑን ሊያስገነዝበኝ ነው። ደብተር ዘርግቶ ካስገነዘበኝ በኋላ «ስንት ሰዓት ላይ ነው ታዲያ?» አለና ሰዓቱን ጽፎ ሄደ።

ብቅሉ በኮባ ቅጠል ላይ አቆጠቆጠ፤ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ወፍጮ ቤት ወስጄ ክክ ክክ አድርጌ አስፈጨሁት። ጠላ ሠላሳ ዓመት ጠምቄአለሁ፤ እጄን ብቻ ነክሬ የውኃውን ሙቀት አውቃለሁ። ደብተሩ ግን «ስድሳ አምስት ዲግሪ፣ አንድ ሰዓት፣ እንዳይወጣ እንዳይወርድ» ይላል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድስት ፊት ቴርሞሜትር ይዤ ቁጭ አልሁ፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ የማስታምም ነው የምመስለው። የመጀመሪያው ሙከራ ሙጫ ሆነብኝ። ለካ ስንዴ እንደ ገብስ ገለባ የለውም፤ ሲጠለል ይጣበቃል። ደብተሩን ሳነብ ከታች በቀይ እስክሪብቶ «ገለባ ጨምር፣ አህያ!» ብሎ ለራሱ ጽፎ አገኘሁ። እኔም ጨመርሁ። ለራሱ የጻፈው ስድብ ለኔም ሆነ።

ኮሰረት አልቆ ስለነበር ማንኩሳ ገበያ ሄድሁ። ከመሄዴ በፊት ሁለቱን በርሜሎች በፈላ ውኃና በሶዳ አጥቤ፣ ግቢ ውስጥ ቆጥ ላይ ደፍቼ ነው የወጣሁት።

ስመለስ ገና ከመንገዱ ጢስ አየሁ። ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ሮጥሁ። ቤቱ ደህና ነው። ግቢው መሐል የትዕዛዙ ታላቅ እኅት እትየ ወለተ ሐና ከሦስት የእድር ሴቶች ጋር ቆመዋል፤ ከደምበጫ ገጠር ሊያግዙኝ መጥተው ነው። ሁለቱም በርሜሎች በወይራ ፍም ላይ ተደፍተዋል። በየሥራቸው ነጭ ጢስ ይተናል።

«እትየ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ወንድሜን ከውርደት እያወጣሁ ነዋ! ምነው ልጄ፣ ደረቅ በርሜል ሰው እያየ አስጥተሽ ገበያ ይኬዳል?»

«እሱ አይታጠን ብሏል! አስምሎኛል!»

«እሱ ብዙ ነገር ብሏል። ጠጅ ሳር ጠላ ውስጥ ይገባል ብሏል። የሞተ ሰው ያለውን ሁሉ ብንሰማ ማን ይቀበራል?»

«በሚካኤል ነው የማልሁት፣ እትየ።»

«ለሚካኤል እኔ እነግረዋለሁ። ይልቅ ነይ አሽትቺው፤ አፉ ትንሽ ቀለጠ እንጂ እንዴት አርጎ እንደያዘ!»

በእውነት ይዞ ነበር። ራሴን ወደ በርሜሉ አስገብቼ አሸተትሁ፤ ምርጥ የወይራ ጢስ ነው፤ ለኔ ጠላ ቢሆን እጃቸውን እስም ነበር። በአመድ ፈተግሁት። በሎሚ አሸሁት። በኦሞ፣ በአሸዋ፣ እንደገና በሶዳ። ሸክላ ቢሆን ይረሳ ነበር፤ ፕላስቲክ አይረሳም። እትየ ወለተ ሐና ደጃፍ ቁጭ ብለው ምስር እየለቀሙ «እብደት ይጋባል ይላሉ፤ እውነት ነው» ይሉ ነበር፣ ለኔ ሳይሆን ለምስሩ።

ያልታጠነ ዕቃ ፍለጋ ሰፈሩን ዞርሁ። እህተ ማርያም ዘንድ ያለው በርሜል ታጥኗል። የሀብትነሽ ታጥኗል። የሙሉው ሰፈር ዕቃ ወይ ወይራ ወይ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ምንም ነክቶት የማያውቅ ንጹሕ ዕቃ ያገኘሁት ቀበሌ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከእንጨት ነው፣ ያፈሳል።

ስንዴው ደግሞ በድስት ተጠልሎ፣ ፈልቶ፣ ኮሰረቱና ድንብላሉ፣ ልጣጩና የሻይ ቅጠሉ ገብቶበት፣ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። እንዲሁ ካደረ ይበላሻል። በትዕዛዙ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ሥር፣ እሱ በቁልፍ የሚያስቀምጣት አንዲት ሃያ ሊትር የምትይዝ ቢጫ ጀሪካን ነበረች። እሷን ሴቶቹ አላገኟትም። የቻለችውን ያህል ሞላኋት፣ ጥንስሱን ጨመርሁባት፣ የጎማውን ቱቦ አፏ ላይ ገጥሜ፣ ትንፋሿ እንዲወጣ ጫፉን ውኃ ውስጥ ነክሬ መልሼ ቆለፍሁባት። የቀረውን ሁሉ፣ ምን ላድርግ፣ በታጠኑት በርሜሎች ከተትሁት።

ኅዳር ሰባት ፍትሐቱ አለቀና ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ዳሱን ሞላው። ወጡ ቀረበ። ቀጥሎ የበርሜሉ ተቀዳ። መምሬ ክንፈሚካኤል ባረኩ፤ ዓይናቸውን ወደ ጓዳው ወደ ማሰሯቸው እየላኩ አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ቆሙ። ደግመው ተጎነጩ።

«ፋናዬ፣ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው፣ አባቴ።»

«ይሄማ ጠላ ነው! የነጣ ጠላ! ምን ሲሆን ነው ሰው እንዲህ ሲያማው የኖረው?»

ከዚያ በኋላ ቀጂዎቹ አልቆሙም። ከዳሱ ጥግ እስከ ጥግ አንድ ወሬ ሆነ፤ «ወይ ትዕዛዙ! ወይ ሙያ!» እንግዳው አራተኛውን ብርጭቆ ይዞ ተነሣና ሟቹ የፈጠራ ሰው እንደነበር፣ ቀበሌውም ሁልጊዜ ከጎኑ እንደነበር ንግግር አደረገ። እትየ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አጣፍተው ለሚያልፍ ለሚያገድመው «ያጠንሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። «ወንድሜ ጢስ ብቻ ነበር የጎደለው።»

እኔ ጓዳ ገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ።

ዝም ብል ነገሩ አልቋል። በነገው ገበያ ስሙ በበጎ ይነሣል። ባለቤቱ ያልሰማው ምስጋና ቢሆንም ምስጋና ነው፤ ለኔም ለመበለቲቱ ይበጀኛል። የሚያመሰግኑት ግን ወይራውን ነው። በርሜሉ ውስጥ ኮሰረቱ ሞቷል፣ ብርቱካኑ ሞቷል፤ እንዳለው ነው የሆነው። ቢሰማ ኖሮ ከመቃብሩ ወጥቶ ብርጭቆውን ከእጃቸው ይነጥቃቸዋል። ጀሪካኗን ባወጣት ደግሞ አሁን ያገኘውን ስም በገዛ እጄ ልገፈው ነው። ቁልፉ መቀነቴ ላይ ነበር። የሐኪሙ ወረቀት ተጠቅልሎበታል።

ምንም ያህል አላሰብሁም ብል ውሸት ነው። አንድ ሙሉ ጥብስ እስኪያርር አሰብሁ።

ጀሪካኗን ተሸክሜ ዳሱ መሐል አስቀመጥሁ። ሲኒ አመጣሁ።

«ወገኖቼ» አልሁ፣ «የጠጣችሁት የትዕዛዙ አይደለም። የእትየ ወለተ ሐና ወይራ ነው። የሱ ይሄ ነው። ትንሽ ነው፤ ለሁላችሁም በሲኒ ይደርሳል። ከዚህ ቤት እንጀራ የበላ ሁሉ ይነሣና ይቀበል።»

«ፋናዬ፣ ተይ» አሉኝ እትየ። «ደህና ስሙን አታበላሺው።»

«እሱ ደህና ስም አላለኝም፣ እትየ። ጠጥተው ይስደቡኝ ነው ያለኝ።»

ያለው የሚባሉ የገጠር ሽማግሌ አሉ፤ የሟች አባት አበ ልጅ ናቸው። ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡና «ሰው የሞተበት ቤት ተቀበል ከተባለ መቀበል ነው» ብለው መጥተው ፊቴ ቆሙ። ከኋላቸው ሌላው ተሰለፈ። ከዚያ ሌላው። ጸበል የሚቀበሉ ነው የሚመስሉት፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን አውልቋል። እየቀዳሁ እሰጣለሁ፣ እየጠጣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ሲኒውን መልሶ ያልፋል።

መምሬ ክንፈሚካኤል አፋቸው ውስጥ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚጸልዩ መስሎን ጠበቅን። ዋጡት።

«ይሄስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ነፍስ ይማርና፣ ሽቶ የወደቀበት ሻይ ነው።»

ዳሱ ፈረሰ። የታፈነው ሳቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«እኔ የጥርስ መድኃኒት መስሎኝ ተጉመጠመጥሁበት!» አለ አንዱ።

«ትዕዛዙ፣ አፈር ይቅለለውና፣ በዚህ ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሩን ዘግቶ የሚውል?»

«ሚስት እያለው!»

«እሷስ ጠላ እያላት!»

እንግዳው ሲኒውን አሽትቶ «በልኬት የሚወሰድ ነው ወይስ እንዲሁ?» አለ፤ ጠጣና የቀድሞ ንግግሩን የሰማው ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብሎ አየ። ሽማግሌው ሁለተኛ ሰልፍ ይዘው መጡ።

«ወደዱት እንዴ፣ አባቴ?»

«ኧረ አልወደድሁትም። ግን አልገባኝም። አንድ ጊዜ ድገሚኝ።»

እትየ ወለተ ሐና ከሁሉ በመጨረሻ መጡ። ሲኒውን ከአፍንጫቸው ሥር ይዘው ቆዩ። ጠጡት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ደምበጫ ሲመጣ» አሉኝ በጆሮዬ፣ «ልብሱ ይሄን ይሸት ነበር። የከተማ ሳሙና ይመስለኝ ነበር።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «መጥፎ ነው ግን። እኅቱ ብሆንም መጥፎ ነው።»

ስድቡ እስከ ማታ ቀጠለ። እንደዚያ ቀን ሰው ስለ ትዕዛዙ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ጤና አዳሙን አነሡ፣ ድመቷን አነሡ፣ አንድ ጊዜ በርሜል ሲፈነዳበት ከነሱሪው መንገድ ላይ እርጥብ ሆኖ መሮጡን አነሡ። ሁሉም ቀምሶ ነው የሚሰድበው። በስድቡ መሐል አንዲት ሴት ድንገት አለቀሰች፤ ቀጥላ ሳቀች። ዐርባ ቀን ሙሉ ያላገኘሁት ሳቅ እኔንም ያዘኝና ጎኔን ደግፌ ወጣሁ።

ጓዳ ገብቼ ጀሪካኗን ዘቀዘቅኋት። አንድ ሲኒ ወጣላት፣ ዝቃጭ ያለው። ቁጭ ብዬ በቀስታ ጠጣሁት። መጀመሪያ ኮሰረቱ መጣ፤ ቀጥሎ ብርቱካኑ፤ ከሥር የሻዩ ምሬት። እኔም አልወደድሁትም። ግን ምሬቱ መሆን የነበረበት ምሬት ይሁን፣ ወይ ቅጠሉን አቆይቼበት ይሁን፣ ኮምጠጥ ማለቱ ከስንዴው ይሁን ወይ ቴርሞሜትሩን ዘንግቼ እንደሁ፣ ለመለየት ብዙ ሞከርሁ። ደብተሩን ገልጬ አየሁ። «ሲደርስ ጣዕሙ ይታወቃል» ይላል፤ ሌላ ነገር አይልም። ደርሶ ይሁን ተበላሽቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።

ከዳሱ መምሬ ክንፈሚካኤል ተጣሩ።

«ፋናዬ! ከዚያ ከታጠነው አለ ወይ?»

«አለ» አልሁና ብርጭቆ ይዤ ወጣሁ።